የአመልካች ከበቡሽ ጥማት

ሀዋሳ ውስጥ በመሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተን የምንውል ሰዎች ሁለት ዓይነት ነን፤ የሚጽፉና የሚያባዙ። እኔ ታቢታ ከሚያባዙት ነኝ። አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ አሮጌ ፕሪንተር አለኝ። ከበቡሽ ደግሞ በኮምፒውተር የምትጽፍ ጸሐፊ ናት። አንድ የቆርቆሮ በረንዳ ሥር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ገጥመን መሥራት ከጀመርን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። በሲዳሙ አፎ የሚጻፈውን ማመልከቻ እኔ እሞካክራለሁ፣ የአፍ መፍቻዬ ስለሆነ። የአማርኛው ግን የእሷ ነው።

ባለጉዳይ እያለቀሰም እየተሳደበም ቢመጣ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማውና "እሺ፣ ማን አየ? መቼ? ምን ማስረጃ አለህ?" ትለዋለች። ማስረጃ የሌለውን ነገር አትጽፍም። ሲለምኗት እንኳ "ይሄን ከጻፍኩት ሌላውም አይታመንልህም" ብላ ትመልሳለች። ሁልጊዜ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። ስልኳን ከቦርሳዋ አታወጣም። ከኋላዋ ሰው ከቆመ መጻፏን ታቆምና እስኪሄድ ድረስ ትጠብቀዋለች።

የአእምሮ ሕመም እንዳለባት በዚያ መንገድ የማያውቅ የለም፣ እሷም አትደብቅም። ድሮ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። በሠላሳ አንድ ዓመቷ የቢሮ ጓደኞቿ በስልኳ በኩል የሚያዳምጧት መሰላት። ቀጥሎ ድምፃቸው ከግድግዳው ውስጥ ይሰማት ጀመር። ቤተሰቧ መጀመሪያ ጸበል፣ ኋላም ሆስፒታል ወሰዳት። መድኃኒቱ ሲይዝላት ድምፁ ጸጥ አለ። ሥራዋ ግን አልተመለሰላትም። ከዚያ ወዲህ አቶቴ ሰፈር ከታላቅ እህቷ ከቲቸር ምሕረት ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን እንዲህ ብላኛለች፤ "እኔ አንዴ የሌለ ነገር ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ያለውን ነገር ብናገርም የሚያምነኝ የለም። አንቺም አታምኚኝም። ለዚህ ነው ሁሉን የምመዘግበው።"

"ኧረ እኔ አምንሻለሁ እትዬ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

የመጀመሪያው መድኃኒት እጇን ያንቀጠቅጣት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለውጠውላት ማታ ማታ የምትዋጥ ሌላ ክኒን ሰጧት። እውነትም እጇ ጸና፤ ፊርማዋ ተስተካከለ። ምግብ ግን አልጠግብ አለች። በቀን ሁለቴ የምትበላ ሴት በአራት ሰዓት ሳምቡሳ፣ በስድስት ሰዓት ሽሮ፣ በዘጠኝ ሰዓት ቦምቦሊኖ ትበላና እንደገና ይርባት ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ልብሷን አሰፋች። መንገደኛው ሁሉ "ከቤ፣ ተመቸሽ! ፊትሽ በራ!" ይላታል። እሷ ታዲያ ይሄን ምርቃት አልወደደችውም። "ምን አይተው ነው ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል የሚናገሩት?" አለችኝ። ሰው ሲወፍር የሚባለው ይኸው ነው አልኳት። "ማን ነገራቸው?" አለች።

መድኃኒት የምትወስድበት ጤና ጣቢያ በየወሩ የሚጠይቋት ሦስት ጥያቄ ነበር። ትተኛለሽ? ድምፅ ትሰሚያለሽ? መድኃኒቱን ትወስጃለሽ? ከዚያ ካርዷ ላይ ይጽፋሉ፣ የወር ክኒኗን ይዛ ትመጣለች። አንድም ቀን ሚዛን ላይ ያወጣት፣ ክንዷን አስሮ ግፊት የለካት ሰው የለም። ሚዛኑ ያለው የነፍሰ ጡሮች ክፍል ነበር። የእሷ ዓይነት ሰዎች የሚታዩት ከጓሮ በኩል ነው።

ጥማቱ የጀመራት ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ባለ ሁለት ሊትሩን። በየግማሽ ሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ቤት ትሄዳለች። የመጸዳጃ ቤቱ ጠባቂ ሳይቀር "ይቺ ሴትዮ ምን ትሠራለች እዚያ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አልጠየቅኳትም። ሕመሟ ያመጣባት አዲስ አመል ነው ብዬ ነበር የገመትኩት።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ አምስት ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ ከመጸዳጃ ቤት ተመልሳ ቆመች።

"ታቢታ።"

"አቤት እትዬ።"

"ውሃዬን ማን ነካው?"

"ማንም አልነካውም።"

"ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ነው የሄድኩት። አሁን ከምልክቱ በላይ ሆኗል። ሰው ቢጠጣብኝ ይቀንሳል። የእኔ ግን ጨምሯል።"

ጠረጴዛው ያዘነብላል፤ ምልክቱን ካደረገች በኋላ ጠርሙሱን ያስቀመጠችው አዙራ ስለነበር ውሃው በምልክቱ በኩል ከፍ ብሎ ይታያል። ይሄን ላስረዳት ስል ከሰልፉ አንዱ ሽማግሌ ጣቱን ጭንቅላቱ አጠገብ አዙሮ ለጎረቤቱ አሳየው። ሁለቱም ሳቁ። ከበቡሽ አየቻቸው። ውሃውን እፊቴ መሬት ላይ ደፋችው፤ ጠርሙሱን ግን አልጣለችውም፣ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለማስረጃ መሆኑ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትጠጣው ውሃ ከሱቅ የታሸገ ብቻ ሆነ። ክዳኑን ስትከፍት ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ነው፤ ማሸጊያው ሲበጠስ የሚያሰማውን ድምፅ ለመስማት። ድምፁ ካላረካት ሌላ ትገዛለች። እኔ ደግሞ በሰው ፊት መዋረዴ አንገብግቦኝ ነበር። ለቲቸር ምሕረት ደወልኩላቸው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ራሳቸው መጡ። ከበቡሽ እስክትሄድ ጠብቀው ወደ ማሽኑ ኋላ ጠሩኝ። ቲቸር ምሕረት ጥብቅ ሴት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያስተማሩ።

"እየተመለሰባት ነው" አሉ። "እኔ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። አሁን የምነግርሽ ከዚህ እንዳይወጣ።"

"እሺ ቲቸር።"

"ክረምት ላይ ልብሷን ሳጥብ ኪሷ ውስጥ ሦስት ክኒን አገኘሁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እየዋጠች አይደለም፣ እያታለለችኝ ነው። ብጠይቃት ትክዳለች። ስለዚህ ያንኑ ክኒኗን በድሮ ማዘዣዋ ከፋርማሲ እየገዛሁ፣ ጠዋት ጠዋት አንዷን ፈጭቼ በበሶዋ እበጠብጥላታለሁ። እንዳይመራት ማር አበዛበታለሁ።"

"ሐኪሞቹ ያውቃሉ?"

"ሐኪም ምን ያውቃል? ያኔ ጥፍሯ እስኪደማ ግድግዳ ስትቧጥጥ እጇን ይዤ ያደርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ደግሜ አላይም። ከነገ ጀምሮ ሁለት አደርገዋለሁ።"

እውነቱን ልናገርና በሆዴ ትንሽ ቀለለኝ። በሰው ፊት ያስጠረጠረኝ በሽታዋ ከሆነ፣ እንግዲህ መድኃኒቱ ያስተካክላት አልኩ። እሷ ያንን በሶ በየማለዳው እየጠጣች እንደምትመጣ ግን ካወቅኩ በኋላ ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሷም ይሄን ልብ ሳትለው አልቀረችም።

ታኅሣሥ ሲገባ ከበቡሽ ሌላ ሰው መሰለች። ጠዋት ትመጣና እስከ አራት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ታንቀላፋለች። ስትነቃ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፊደሉ ብዥ እያለባት የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በጣም አጉልታ ትጽፍ ጀመር፤ አንድ ገጽ የነበረው ማመልከቻ ሦስት ገጽ እየሆነ ባለጉዳይ ይጣላታል። የግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ ጫማ የላጣት ቁስል አልድን አለ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ያ ሁሉ ውፍረት እንደ ጉም መብነኑ ነው። የሰፋው ልብሷ ተንጠለጠለባት። "ተመቸሽ" ይላት የነበረው መንገደኛ አሁን ካለፈ በኋላ ዞሮ ያያታል፤ ሌላ ሌላ ነገር መጠርጠሩ ነው።

አንድ ሐሙስ ባለጉዳይ ጋብ ሲል ወንበሯን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም።

"ታቢታ፣ በምታምኚው በኢየሱስ ስም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በምበላው ወይም በምጠጣው ውስጥ የሚጨምሩብኝ ነገር አለ?"

እጄን የማሽኑ ክዳን ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ።

"ኧረ እትዬ፣ ማን ምን ይጨምርብሻል?"

"በስሙ ነው የጠየቅኩሽ።"

"የለም" አልኳት።

ዓይኔን ወደ ማሽኑ ሰበርኩ። ከዚያ ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ አንድ መስመር ጻፈች።

"ምን ጻፍሽ?"

"ሰዓቱን" አለችኝና ወንበሯን ይዛ ተመለሰች።

ሰኞ ዕለት ሦስት ገጽ ጽሑፍ አምጥታ ስድስት ስድስት ቅጂ እንዳነሳላት ጠየቀችኝ። ለሌላ ሰው የጻፈችው መስሎኝ ነበር፤ ከማሽኑ ሲወጣ ሳነበው ግን የራሷ ሆኖ አገኘሁት። አሁንም አንድ ቅጂ ስላለኝ ከመጀመሪያው ትንሽ ልገልብጠው።

"ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፡- በምግቤና በመጠጤ ውስጥ ባዕድ ነገር እየተጨመረብኝ ስለሆነ ምርመራ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ ይሆናል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች ከመስከረም ወር ጀምሮ ከተፈጥሮ ውጪ የሆነ ጥማት አድሮብኛል። ቀደም ሲል በአእምሮ ሕመም የታከምኩ መሆኔን አልክድም። ይህ ግን አሁን የማቀርበውን እንደማያስተባብል ይታወቅልኝ።" ከዚያ ማስረጃዋን በተራ ቁጥር ትዘረዝራለች። በቀን ስንት ሊትር እንደጠጣች በየዕለቱ፤ ከመኝታዋ ስንት ጊዜ ለሽንት እንደተነሳች፤ የደበዘዘባት ፊደል መጠን። ተራ ቁጥር ሰባት፣ ሽንቷ ባደረበት ፖፖ ዙሪያ ጠዋት ጉንዳን ተሰብስቦ እንዳገኘች፤ ተራ ቁጥር ስምንት፣ በሶዋ ማር በዝቶበትም መጨረሻው እንደሚመራት። ተራ ቁጥር ዘጠኝ እኔ ነበርኩ። "የሥራ ባልደረባዬ ስትጠየቅ ዓይኗን ሰበረች" ይላል፤ ቀኑና ሰዓቱ ከጎኑ አለ።

አቤቱታውን ይዛ ዞረች። ፖሊሶቹ በትሕትና ተቀብለው ቤተሰብ ይዛ እንድትመጣ ነገሯት። ውሃ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አንዱ ሠራተኛ ሳያነበው ማኅተም መታና የገቢ ቁጥር ሰጣት። ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች፤ ቁጥር ያለው ነገር ይጠፋል ብላ አታስብም። እኔ ግን አልጠበቅኩም፣ ሰዎቹም አልደወሉላት።

የወር ቀጠሮዋ ሲደርስ ቲቸር ምሕረት ፈተና ላይ ስለነበሩ እኔ እንድሸኛት ለመኑኝ። "እየተመለሰባት እንደሆነ ንገሪልኝ። አቤቱታ ጽፋ ከተማውን እንደዞረች ንገሪያቸው። መድኃኒቱን ከፍ ያድርጉላት" አሉኝ። ባጃጅ ውስጥ ከበቡሽ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ የሹፌሩን መስታወት ስትከታተል ነበር።

"እህቴ ናት የላከችሽ" አለችኝ።

"አዎ፣ እንዳትደክሚ ብለው ነው።"

"ምን በይ አለችሽ?"

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ጤና ጣቢያው ደርሰን ስንገባ የለመደቻት ነርስ ሥልጠና ሄዳለች። በቦታዋ ኪሩቤል የሚባል ቀጭን፣ ወጣት ጤና መኮንን ተቀምጧል። ከበቡሽ አዲስ ፊት ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

"ያቺኛዋ የት ሄደች? ማን ነው አንተን እዚህ ያስቀመጠህ?"

ስሙን ነገራት፣ መታወቂያውንም ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት። አገላብጣ አየችው። ፎቶውንና ፊቱን አስተያየች። ከዚያ ተቀመጠችና አቤቱታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ጭንቅላቴን በሐዘን ነቀነቅኩለት፤ "ይኸው እንግዲህ" ለማለት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ኪሩቤል አነበበው። ሦስቱንም ገጽ አነበበው። አንዴ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ መስመር በጣቱ ያዘ።

"እትዬ ከበቡሽ፣ ይሄ ቁጥር ሰባት ላይ ያሉት፣ ጉንዳኑ፣ ስንት ቀን አዩት?"

"አሥራ አንድ ቀን። ደብተሬ ላይ አለ።"

"ቁስሉስ? የእግርዎ?"

"ሠላሳ ስምንት ቀኑ ነው።"

"ከቤተሰብ የስኳር በሽታ ያለበት አለ?"

"አባቴ።" ዓይኗን አጠበበች። "ለምንድን ነው የምትጠይቀኝ? ድምፅ ትሰሚያለሽ ወይ ብለህ አትጠይቀኝም?"

"እሱንም እጠይቅዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ልመዝንዎት።"

ሚዛኑን ራሱ ከነፍሰ ጡሮች ክፍል ተሸክሞ አመጣው። መዘናት፣ ግፊቷን ለካት። ከዚያ ትንሽ መሣሪያና መርፌ ሲያወጣ ከበቡሽ ብድግ አለች።

"ደሜን ለማን ልትሰጠው ነው?"

"ለማንም። እዚሁ አንድ ጠብታ ነው። ውጤቱን እርስዎ ራስዎ ያነቡታል።"

"መሣሪያው የሚናገረው እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

ኪሩቤል ጥያቄውን አላናናቀውም። "ልክ ነዎት" አለና ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎን አስቀድሜ ልለካዎት?" እጄን ሰጠሁት። ዘጠና ስድስት አለ። ከበቡሽ ቁጥሩን ጻፈች። ከዚያ ራሱን ወጋ፤ መቶ አራት። እሱንም ጻፈች። መርፌው አዲስ መሆኑን ከማሸጊያው አይታ፣ ፊቷን አዙራ ጣቷን ዘረጋችለት።

አራት መቶ አሥራ ስምንት።

"ድገመው" አለችው። በሌላ ጣቷ ደገመው። አራት መቶ አሥራ አንድ።

"እንግዲህ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አለ። ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። ጥማቱም፣ ሽንቱም፣ ዓይንዎም፣ መክሳትዎም ከእሱ ነው። ጥሩ አድርገው ነው የጻፉት።"

እንባዋ መጣ፤ ግን ሳትጠርገው ወዲያው ጠየቀችው። "ታዲያ ማን ጨመረብኝ?"

ኪሩቤል የምትወስደውን ክኒን ከካርዷ ላይ አየ። ከዚያ እንዲህ አላት፤ "ይሄ መድኃኒት ለአእምሮዎ ጠቅሞዎታል። ግን አንዳንድ ሰው ላይ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ያወፍራል፣ ስኳርም ያመጣል። አባትዎም ስኳር ስላለባቸው እርስዎ ላይ ይብሳል። ይሄን እኛ በየጊዜው እየለካን ማየት ነበረብን፤ አላየንም። አሁን መጠኑን ማወቅ አለብኝ። በቀን ስንት ነው የሚወስዱት?"

"ማታ አንድ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም።"

"ሌላ የለም?"

"የለም" አለች ከበቡሽ።

ኪሩቤል ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። እኔ የማውቀውን ካልተናገርኩ ይሄ ልጅ ተሳስቶ ያክማታል።

"አለ" አልኩ። "ጠዋት በበሶዋ ውስጥ ይጨመርላታል። መጀመሪያ አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት ነው። እህቷ ናቸው። እኔ ካወቅኩ ወር አልፎኛል።"

ከበቡሽ አልጮኸችም። ወንበሯን ከእኔ በኩል ወደ መስኮቱ አራቀችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ኪሩቤል ስልክ አንስቶ ሆስፒታል ደወለ። ውሃ ከሰውነቷ በጣም ስለጎደለ ያን ዕለት መተኛት ነበረባት። አምቡላንስ ስንጠብቅ አንድ ጊዜ ብቻ አናገረችኝ።

"በስሙ ነበር እኮ የጠየቅኩሽ።"

ስድስት ቀን ተኛች። በደም ሥሯ ፈሳሽ ሰጧት፣ ኢንሱሊን ጀመሩላት፣ የእግሯን ቁስል አጠቡት። የሚሰጧትን ሁሉ ስም አስጽፋ ነበር የምትቀበለው። የሆስፒታሉ የአእምሮ ሐኪም መጥታ፣ ክኒኑን ባንድ ቀን መተው እንደማይቻል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ በሌላ እንደሚለውጡት አስረዳቻት። ከበቡሽ ሁለት ጊዜ ደግማ አስነገረቻትና የተናገረችው ይገጥም እንደሆነ አመሳከረች። ገጠመ።

ቲቸር ምሕረት የመጡ ቀን እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ሾርባ በፔርሙስ ይዘው ገቡ። ከበቡሽ ፔርሙሱን አየች፣ እጇን ግን አልዘረጋችም።

"ለአንቺ ብዬ ነው" አሉ እህቷ። "ያን ጊዜ እንዳይመለስ ብዬ። ኪስሽ ውስጥ ሦስት ክኒን አግኝቼ ነው።"

"ሻሸመኔ ለቅሶ የሄድን ጊዜ ሦስት ቀን እንደምናድር ስለነገርሽኝ ነው ኪሴ ያደረግኩት። በዚያው ቀን ማታ ተመለስን። ሦስቱም እዚያው ቀሩ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።"

"ጠይቄሽ ነበር።"

"አልጠየቅሽኝም፤ 'ትዋሻለሽ' ነው ያልሽኝ። በሶው መረረኝ ስልሽ ደግሞ 'አፍሽ ነው' አልሽኝ።"

ቲቸር ምሕረት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያን ሁሉ ዘመን ተማሪ ፊት የቆሙት ሴት እንደ ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ከበቡሽ አላባበለቻቸውም። ግን እንዲሄዱም አላለቻቸውም። ሾርባው ቀዝቅዞ ተመለሰ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ከእህቷ ቤት አልወጣችም፤ የት ትሄዳለች? ለራሷ ግን ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛች፣ የወጥ ዕቃዋን ቁልፍ ባለው ሣጥን አደረገች። ድምፅ ትሰሚያለሽ ወይ ሲሏት "አልሰማም፤ ግን ሰው አላምንም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ለይታችሁ ጻፉልኝ" ትላለች። አዲሱ ክኒን ተስማማት። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአቶቴ ተነስታ እስከ ሐይቁ ዳር በእግሯ ትሄዳለች። ቦምቦሊኖውን ተወችው፤ ሳምቡሳውን መተው ግን አቅቷት ነበር፣ አሁንም አንዳንድ ቀን አጠገባችን ካለው ባንክ ኋላ ተደብቃ ስትበላ አያታለሁ። ስኳሯን በየሳምንቱ ትለካለች፤ ከሰኔ ወዲህ ከመቶ ስልሳ አልዘለለም።

የካቲት ላይ ሁለተኛ አቤቱታ ጻፈች። አንድ ገጽ ብቻ ነው። በዚያ ጤና ጣቢያ በአእምሮ ሕመም ክትትል ላይ ያለ ሰው ሁሉ በየቀጠሮው ክብደቱና ግፊቱ፣ በየጊዜውም ስኳሩ እንዲለካ የሚጠይቅ ነበር። አሥራ ሰባት ታካሚና አስታማሚ ፈረመበት። ከቡሹሎ የመጡ አንዲት እናት መጻፍ ስለማይችሉ በጣታቸው አተሙ። ኪሩቤልም ፈረመ። ሁለት ወር ቆይቶ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ሚዛን ገባ፣ ካርዱም ላይ ሦስት አዲስ መስመር ተጨመረ። ከበቡሽ ይሄን ስትሰማ አልተደሰተችም። "መስመሩን ማስመር ቀላል ነው፤ ይሞሉታል ወይ?" አለች። እስከ ዛሬ በየቀጠሮዋ የሌሎቹን ካርድ አሳዩኝ እያለች ከመዝገብ ክፍል ሰዎች ጋር ትጣላለች። አያሳዩዋትም። ታካሚዎቹን ግን ደጅ ላይ እያስቆመች ትጠይቃቸዋለች።

እኔና እሷ አሁንም ጠረጴዛችን የተገጠመ ነው። ሰላምታ አለን፣ ሥራ እንቀባበላለን። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ በዓል፣ ጉዱማሌ አደባባይ አብራኝ እንድትመጣ ጠየቅኳት፤ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፣ መጣች። ሕዝቡ ሲጨፍር ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመን አየን። የእናቴን ቡርሳሜ፣ በቅቤ የራሰውን የእንሰት ምግብ፣ በጣባ አቀረብኩላት። ማን እንደሠራው፣ ቅቤው ከየት እንደመጣ፣ እንሰቱ ስኳሯን ምን እንደሚያደርገው ጠየቀችኝ። ከዚያ ሁለት ጉርሻ በላችና መልሳ ሰጠችኝ።

ድፍረት አገኘሁና "እትዬ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ" አልኳት።

ጨፋሪዎቹን እያየች "በጽሑፍ አቅርቢ" አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀችም። እቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ምን እንዳወቅኩ፣ መቼ እንዳወቅኩ፣ ለምን እንደዋሸሁ፣ በሆዴ ቀለል ብሎኝ እንደነበር ሳይቀር። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወሰደችው። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ። በቀይ እስክሪብቶ ስድስት ቦታ ፊደል አርማልኛለች፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ "ቀኑ ይጣራ" ብላለች። አጣርቼ እንደገና አቀረብኩ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።